መርዶ ወደ ጨው ከተማ

የአክስቴ ባል ሚዛን ጠጋኝ ነበሩ። ሱቃቸው ከጊዮርጊስ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በአንድ ልብስ ሰፊና በአንድ ወርቅ ቤት መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰፈሩ «ሙሴ» ይላቸዋል። ያን ጊዜ ፒያሳ ላይ ነጭ የሆነ የእጅ ባለሙያ ሁሉ ሙሴ ነበር፤ አርመኑም፣ ግሪኩም። እኔም ያደግሁት ሙሴ እያልኳቸው ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስ፣ የመንግሥት ሥራ እስካገኝ ብዬ ሱቃቸው ገባሁ። እስኪሞቱ ድረስ አልወጣሁም። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ያደክም ነበር እንጂ። የሚዛን ድንጋይ የምንላቸውን የናስ መመዘኛዎች በጨርቅ እወለውላለሁ፤ ትንንሾቹን በወረንጦ እያነሳሁ አቀብላለሁ፤ ደንበኛ ሲመጣ አነጋግራለሁ። ከሁሉ የሚያደክመው መጠበቁ ነበር። የወርቅ ሚዛን ሲፈተሽ መርፌው እስኪረጋ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። ወደ ሚዛኑ መተንፈስም ክልክል ነው። መንገድ ላይ ከባድ መኪና ካለፈ መርፌው ይናጋና እንደገና መጠበቅ ነው። ክረምት ከሆነ በሩ ስለሚዘጋ ክፍሏ የዘይትና የእርጥብ ካፖርት ሽታ ትሸታለች።

ሙሴ በዚያ መጠበቅ መሀል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩና ስለ ተወለዱባት ከተማ ያወራሉ። ትንፋሻቸው ሚዛኑን እንዳይነካው ነው ወደ ግድግዳው መዞራቸው። መጀመሪያ ሳያቸው ከግድግዳው ጋር የሚያወሩ መስለውኝ ነበር። አማርኛቸው የተሰባበረ ነው፤ የጎደላቸውን በእንግሊዝኛ ይሞሉታል፤ የመሣሪያዎቹን ስም ግን ሁሉ በጣልያንኛ ነው የሚጠሩት። «ካቻቢቴ አምጪ፣ ፒንሳ አምጪ» ይሉኛል። ፒያሳ ላይ ሥራ የጀመሩት ጣልያን ትቶት በሄደ ጋራዥ ውስጥ ስለነበር ከአማርኛ በፊት የለመዱት የጋራዡን ቋንቋ ነው። ችግሩም ከዚያ መጣ።

እሳቸው ጀርመን ናቸው። ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው የመጡት። ሰፈራችን ግን አንድ ነጭ ሰው «ፒንሳ» ሲል ከሰማ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ጦሩ ሲወጣ ተደብቆ የቀረ ጣልያን ተባሉ። አክስቴ ደግሞ የጣልያን ሚስት ተባለች።

ይህ ስም ለማንም ሴት ቀላል አልነበረም፤ ለእሷ ግን ከሌላው ይብስ ነበር። አባቴ የእሷ ታናሽ ወንድም ነው። ጠላት ሲገባ ዱር ገብቶ እዚያው ቀረ። እኔ ጡት አልጣልሁም ነበርና አላውቀውም። እናቴ በሞት ስትከተለው ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እንግዲህ ሰው ከኋላዋ ምን ይል እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ወንድሟን የገደለውን አገባች። የሟችን ልጅ በገዳይ እንጀራ አሳደገች። ፊት ለፊት የሚናገራት አልነበረም። ውሃ ስትቀዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እድር ላይ ስትቀመጥ ከጀርባዋ ትሰማዋለች። አትመልስም። የቤታችን ሰዎች መልስ አንወድም።

አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶች ከወርቅ ቤቱ ወጥተው ሱቃችን በር ላይ ቆሙ።

«ሙሴ፣ የጣልያን ሚዛን እንዴት ነው?» አለ አንደኛው። «ለራሱ ሲሆን ይሞላል፣ ለእኛ ሲሆን ያጎድላል አሉ።»

ሙሴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩት። «ጣልያን ጥሩ ሚዛን ይሠራል» አሉት፤ እውነትም ነበር። ጎረምሶቹ እየተሳሳቁ ወረዱ፤ ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ዶሮ ማነቂያ ደረሰ።

ማታ እራት ላይ አክስቴ ጠየቀቻቸው።

«ጣልያንን አመሰገንክ አሉ።»

«ሚዛኑን ነው።»

«ጀርመን ነኝ ብትላቸው ምን ነበረበት?»

«ለእነሱ ምን ልዩነት አለው? ሁላችንም ፈረንጅ ነን።»

«ለእኔ አለው» አለች። ሰሃኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ስለ ከተማዋ የሚነግሩኝ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ነበር። ከመሬቱ ይጀምራሉ። ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ተራራ የሚባል ነገር አታውቅም። የእንጦጦን ግርጌ ያየ ሰው እዚያ ቢሄድ ዓይኑ የሚያርፍበት ያጣል ይሉኝ ነበር። ወንዟ ቀርፋፋ ነው፤ በበጋ ከብት ይሻገረዋል። ከመሬቷ ሥር ግን ጨው አለ። መጀመሪያ የታወቀው ከብቶች የአንዱን ኩሬ ዳር ብቻ እየመረጡ ሲልሱ ታይተው ነው። ሰዎች የኩሬውን ውሃ በትልልቅ የብረት መጥበሻ እያፈሉ ጨው ማውጣት ጀመሩ። ለማገዶ ዙሪያውን የነበረው ጫካ አለቀ። ጨው ሀብት አመጣ፤ ሀብት ቅጥር አሠራ፤ በቅጥሩ ላይ በሮች ነበሩ፤ እሳቸው ልጅ ሳሉ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ ሣር በቅሎበት ፍየል ይወጣበት ነበር።

ገበያው መሀል የከተማው ሚዛን ቤት ቆሟል። ከከተማው የሚወጣ ጨው ሁሉ በዚያ ሳይመዘን አይወጣም። በጥንት ጊዜ አንድ የሚዛን ሹም ሲያጭበረብር ተያዘ፤ ከተማው ተሰብስቦ በራሱ ትልቅ ሚዛን አንዱ ወገን ላይ አስቀመጠው፤ በሌላው ወገን ድንጋይ ጫኑ፤ ገበያው እስኪፈታ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ይህን ሲነግሩኝ ሙሴ ትንሽ ፈገግ ይላሉ። የእሳቸው ቤተሰብ ሚዛን ጠጋኝነት ከዚያ ሚዛን ቤት የወረደ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ይመጣል። በሃይማኖት የተጀመረ ረጅም ጦርነት ነበር፤ አንዱ ጦር ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሁሉም ጨው ይጠይቃል። ሰው በረሃብና በወረርሽኝ አለቀ። በባዶ ቤቶች ውስጥ ዛፍ በቀለ። የቀሩት ሰዎች እንደገና ጀመሩ። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ኩሬው አልበቃ ሲላቸው ወደ ታች መቆፈር ጀመሩ፤ ጨዉን ከከተማው ሥር አወጡት። ያኔ መሬቱ መስጠም ጀመረ። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ዘመመ። አንድ ሙሉ መንገድ ወርዶ ሐይቅ ሆነ፤ አሁን ዳክዬ ይዋኝበታል። ሙሴ የተወለዱበት ቤት ወለሉ አንድ ወገን ስለሚያጋድል ኳስ በር ላይ ቢያስቀምጡት ተንከባሎ ወጥ ቤት ይገባል። የጠረጴዛው ሁለት እግሮች ሥር እንጨት ይደረጋል። አባታቸው ሥራ ሲያስተምሯቸው መጀመሪያ ያስተማሯቸው ሚዛን አልነበረም፤ ጠረጴዛ ማስተካከል ነው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት፣ «ታዲያ ከዶሮ ማነቂያ በምን ተለየች?» አለችኝ። የእኛም ሰፈር ቤቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ነው የቆሙት።

በዚያ በሚያጋድለው የትውልድ ቤታቸው ውስጥ የሙሴ እህት ብቻዋን ቀርታ ነበር። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ጀርመን ሲከፈል ከተማዋ በተዘጋው ወገን ወደቀች። ደብዳቤ በዓመት አንዴ ይመጣል፤ ከዚያ በሁለት ዓመት፤ ከዚያ ቀረ። ሙሴ ስለ እህታቸው ብዙ አያወሩም ነበር። የሚያወሩት ስለ መሬቱ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ደረታቸውን ታመሙ። አልቆዩም። አክስቴ አላለቀሰችም ማለት አልችልም፤ ግን ድምፅ አላሰማችም። ጧት ላይ የእድሩ ሰዎች መጥተው ድንኳን ተከሉ፤ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፤ ፍራሽ ተነጠፈ። ሙሴ የእድሩ አባል ነበሩ፤ በአክስቴ በኩል ነው የገቡት። የድንኳኑን ገመድ ሲወጥሩ አንድ መንገደኛ «የማን ለቅሶ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ። ገመድ የያዘው ሰው «የጣልያኑ» አለው፤ በክፋት አይደለም፤ መንገድ እንደሚያመለክት ሰው ነው የተናገረው። አክስቴ ከውስጥ ሰምታለች። አንገቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አየሁ።

የእድሩ ዳኛ ጡረታ የወጡ ጸሐፊ ነበሩ፤ መነጽርና ጥቁር ባርኔጣ ያደርጋሉ። ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የሕይወት ታሪክ የሚጽፍላቸው ዘመድ የለም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ጻፊው። መቃብር ላይ እኔ አነባለሁ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ አባባ?»

«እንደማንኛውም ሰው ነዋ። በዚህ ጠቅላይ ግዛት፣ በዚህ አውራጃ፣ ልዩ ስሙ እንዲህ ከተባለው ቦታ ተወለዱ። አባታቸው እገሌ፣ እናታቸው እገሊት።»

«አውራጃቸውን አላውቅም።»

«እንግዲያው የውጭ አገር ሰው ነበሩ በይና ወደ ሥራቸው እለፊ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አገር እያነሳን ሰው ባናነታርክ ይሻላል። የሚባለውን ታውቂያለሽ።»

አክስቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። «የሚባለው ምንድን ነው አባባ?»

ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አዞሩት። «ምንም አይደል። የሰው ወሬ ነው።»

«እንግዲያው ከተማውን ይንገሩልኝ። ሁሉንም።»

«እመቤቴ፣ ዝናብ ነው። ጉለሌ ድረስ ሄዶ ሰው ጭቃ ላይ ቆሞ…»

«ወንድሜን ማን እንደገደለው ይህ ሰፈር ያውቃል። ባሌ ማን እንደሆነ ደግሞ ይወቅ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ነገሩ አለቀ።

ከልብስ ሰፊው ወረቀት ተበድሬ ጻፍሁ። የማውቀው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነበር፤ ከመሬቱ ጀመርሁ። መቼ እንደተወለዱ እርግጠኛ ስላልነበርሁ ተውኩት። የከተማዋን ስም ጻፍሁት፤ በእኛ ፊደል ሳየው ግን የማላውቃት ሌላ ከተማ መሰለኝ። እዚህም ያልጻፍሁት ለዚያ ነው።

ቀብሩ ጉለሌ፣ የውጭ አገር ሰዎች መካነ መቃብር ነበር። የእድሩ ሰዎች በቤተ ክርስቲያናቸው እንጂ እዚያ ቀብረው አያውቁም፤ ብዙዎቹ ይቀራሉ ብዬ ነበር። መጡ። ዝናቡ ገና ፒያሳን ሳንወጣ ነው የያዘን። የአገራቸው ቄስ በቋንቋቸው አጭር ጸሎት አደረሱ፤ ሕዝቡ አሜን የሚባልበትን ቦታ ስላላወቀ እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥሎ ዳኛው ወረቀቱን ዘረጉ። መነጽራቸው በዝናብ ተሸፈነ፤ ቢጠርጉት ተመልሶ ተሸፈነ። ቀለሙም ወረቀቱ ላይ ይወርድ ነበር።

«አይታየኝም» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «አንቺው በይው።»

ሴት በመቃብር ላይ ታሪክ ስታሰማ በዚያ ጊዜ አይቼ አላውቅም። ወረቀቱን ተቀበልኳቸው፤ የሚነበብ ነገር አልቀረበትም ነበር። ደክሞኝ ነበር፤ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ጫማዬ ውሃ ሞልቷል። ሌላ መንገድ ስላልታየኝ ሙሴ ለግድግዳው እንደሚናገሩት ተናገርሁ። ሜዳው፣ ወንዙ፣ ከብቶቹ፣ ጨዉ። ቅጥሩና ሚዛን ቤቱ። አጭበርባሪው ሹም ላይ ስደርስ ከኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጦሩ ላይ ስደርስ ግን ዝም አሉ። ጦር ገባባቸው፣ ጨዋቸውን ወሰደባቸው፣ ሰው አለቀ፣ በቤታቸው ውስጥ ዛፍ በቀለ አልሁ። ያለቀው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት መሆኑን ሙሴ አልፎ አልፎ ነበር የሚነግሩኝ፤ እኔም በዚያ ዝናብ አላነሳሁትም።

«ታዲያ ጣልያን አይደሉማ?» አለ አንድ ሰው ቀስ ብሎ።

የሰፈራችን ቅቤ ነጋዴ አጠገቡ ቆማለች። ጉራጌ ናት፤ ሚዛኗን ሙሴ ናቸው በየዓመቱ የሚያስተካክሉላት፤ ለአክስቴ ግን ሰላምታ ከሰጠች ቆይታለች። «ዝም በል» አለችው። «ገና ከተማው ውስጥ ነን።»

ስለ ዘመመው ግንብ፣ ስለ ሐይቁ፣ በተወለዱበት ቤት ስለ ቀረችው እህታቸው ተናግሬ ጨረስሁ። አፈር ሲመለስ አክስቴ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ከቀብሩ ቀን ይበልጥ ሞላ። ጥግ ላይ ሆኜ የምሰማው ወሬ ሁሉ ስለዚያች ከተማ ነው። መሬት ሲሰጥም ቤቱ ለምን አይሰነጠቅም ብለው ሁለት ግንበኞች ይከራከራሉ። የጨዉ ዓይነት እንደ አሞሌ ነው ወይስ እንደ ምጽዋ ጨው ብሎ የጠየቀኝም አለ። አላወቅሁም። ቅቤ ነጋዴዋ ገብታ ከአክስቴ ፍራሽ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እህትየው ተረድታለች?» አለች።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም።

«አልተረዳችም» አልሁ። «የአገራቸው ቄስ ደብዳቤ ሊጽፉላት ይችላሉ።»

«በደብዳቤ?» አሉ ዳኛው ከወንበራቸው። «መርዶ በፖስታ? ሰው የወንድሙን ሞት እንደ ጋዜጣ ከፍቶ ያንብብ?»

«ብቻዋን ናት አላለችም ልጅቷ?» አለች ቅቤ ነጋዴዋ። «ብቻዋን ያለች ሴት ደብዳቤ ይዛ ምን ትሆናለች? ንጋት ላይ ሽማግሌ ይሂድላት። የሚዛን ቤቱ ሹም ይሂድ።»

«እሱን እኮ አንጠልጥለውታል» አለ አንዱ ግንበኛ።

«ሌላ አይሾሙም?»

«ድሮ ነው» አልኋቸው። «ሚዛን ቤቱም ጦርነቱም የድሮ ነው።»

«ድሮስ ቢሆን» አለች። «ጦር የገባበት አገር ሰው ጎረቤት አያጣም። ተፈልጎ ይገኝ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አይዞሽ እትዬ» አለቻት። አክስቴ ያን ጊዜ ነው ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ። እኔ ንፍሮ ለማቅረብ ተነሣሁ።

በማግሥቱ ከዳኛው ጋር ቄሱ ዘንድ ሄድን። ዳኛው በአማርኛ ይናገራሉ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ቄሱ ለእህትየው በቀጥታ ሳይሆን በዚያች ከተማ ላለው ቄስ እንዲጽፉ፣ እሱም ከሚያውቋት ጎረቤቶች ጋር ሆኖ በንጋት፣ ከቤቷ ሳትወጣ ሄዶ እንዲነግራት ለመንናቸው።

«ለምን በንጋት?» አሉ ቄሱ።

ዳኛው ሲተረጎምላቸው ጥያቄው ገረማቸው። «ሌሊቱን እንድትተኛበት ነዋ» አሉ። «ቀኑን ደግሞ ሰው እንዲኖራት።»

ቄሱ ብዕራቸውን አነሡ። ከዚያ ጻፉት። ሰዎቹ ተቀምጠው እንዲቆዩ፣ ነግረዋት ወዲያው እንዳይነሡ ዳኛው አከሉበት፤ እሱንም ጻፉት። ድንበሩ ዝግ ነው፤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም አሉን ቄሱ። ዳኛው ይህን አልተረጎምሽልኝም እንዳይሉኝ ተረጎምሁላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ቁልቁለቱን ወረድን።

መልስ አልመጣም። በዚያው ዓመትም፣ በሚቀጥለውም። ሱቁን ወርቅ ቤቱ ወሰደው፤ እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ያዝሁ፤ ማታ ስመለስ በዶሮ ማነቂያ በኩል ነው የማልፈው። ቅቤ ነጋዴዋ ከሱቋ በር ላይ ሆና ትጠይቀኛለች።

«ከጨው አገር ምን ተሰማ?»

«ምንም።»

«ይሰማል። መንገዱ ሩቅ ነው።»

ሌሎችም ይጠይቁኝ ነበር። መጀመሪያ ያስደስተኝ ነበር፤ በኋላ መልሱ አንድ ሲሆን አሰለቸኝ፤ መንገድ ለመቀየርም አስቤ ነበር። አልቀየርሁም። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ግን አክስቴን የጣልያን ሚስት ሲሏት አልሰማሁም። ምናልባት እኔ ሳልኖር ይሉ ይሆናል።

አክስቴ በየምሽቱ በሩን ስገባ ቀና ብላ ታየኛለች፤ አፍ አውጥታ አትጠይቀኝም። እኔም አልነግራትም። ነጠላዬን አወልቅና እራት አቀርባለሁ። አንድ ምሽት ብቻ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ እግሩ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን እያስገባች፣ «ይሄኔ እዚያ እየነጋ ይሆን?» አለችኝ።

ከእኛ ኋላ ነው የሚነጋላቸው አልኋት። ራሷን ነቀነቀች። እራታችንን በላን።